የጎርፉ ሸክም

ከእንዶድ በር መድኃኔ ዓለም ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚያወርደው መንገድ፣ ዳገቱ ሰውን «ትንሽ ልረፍ» በሚያሰኘው ቦታ ላይ፣ አንድ የድንጋይ ክምር አለ። የድንበር ካብ አይደለም፤ ማሳ ሲለቀም የተጣለ ድንጋይም አይደለም። ከሥሩ ያለው ትልቁ ድንጋይ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ነው፤ ከላዩ ያሉት ግን ጡጫ የሚያህሉ፣ አንዳንዶቹም የሕፃን መዳፍ የማይሞሉ ጠጠሮች ናቸው። አገሬው «የጎርፉ ሸክም» ይለዋል። በየዓመቱ ጥር አሥራ አንድ ታቦቱ ከውኃው ሲመለስ እዚያ ሳይቆም አያልፍም፤ እንግዳ ሰው «ምነው ቆመ? ምን ጉድ ነው?» ብሎ ሲደነግጥ፣ የአገሩ ሰው «ዝም በል፣ ልማዱ ነው» ይለዋል። ልማዱ እንዴት እንደ መጣ ሽማግሎች ሲያወሩት እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ገና የሣር ክዳን በነበረበት ጊዜ፣ ከመንገዱ አፋፍ ጎርፉ የሚባል ገበሬ ይኖር ነበር ይባላል። ጎበዝ አራሽ ነበር፤ ግን ችኩል ነው፤ «ጎርፉ ቢታመም እንኳ ቶሎ ልሙትና ልረፍ ይላል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በአንድ የመጋቢት ቀን ማሳውን መንጥሮ ቁጥቋጦውን ከመረና፣ ሚስቱ ወርቅያንጥፉ «ኧረ ነፋሱ ይብረድ!» እያለች ስትለምነው፣ እሳት ለኮሰበት። ነፋሱም እሳቱን ከሣር ሣር፣ ከአጥር አጥር እያዘለለ ወስዶ ቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ አሳረፈው። ሰው በእንስራ ውኃ ተሸክሞ እስኪደርስ ክዳኑ ወረደ። መምሬ ኅሩይ የሚባሉት ቄስ ነበልባሉ ውስጥ ገብተው ታቦቱን አወጡት፤ ግራ ክንዳቸው ግን ተቃጠለና እስከ ዕለተ ሞታቸው ተጨማዶ ቀረ።

በማግስቱ አገሩ ተሰብስቦ አመዱን ሲጠርግ፣ ጎርፉ መካከላቸው ቆሞ «ማነው ያቃጠለው?» የሚለውን ጥያቄ ይጠብቅ ነበር። ጥያቄው ግን አልመጣም። የአገሩ ጭቃ ሹም በሻህ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው «መብረቅ ነው» አሉ። ሽማግሎቹም አንድ በአንድ ራሳቸውን እየነቀነቁ «አዎን፣ መብረቅ ነው» አሉ። በነዚያ ቀናት ሰማይ ላይ የጨርቅ እራፊ የምታህል ደመና አልታየችም። ጎርፉ በአገሩ ሰው ሞኝነት ተገረመ። «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተና የመምሬን በጨርቅ የተጠቀለለ ክንድ አየ፤ ጎንበስ አለ። ከፍርስራሹ አንድ የጠቆረ ድንጋይ አንሥቶ በጋቢው ሸሽጎ ወሰደና በራፉ ላይ አኖረው። ለምን እንደወሰደው እሱም አያውቅም ነበር ይባላል።

ከዚያ ወዲያ ጎርፉ ሌላ ሰው ሆነ። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እንደሱ የደከመ አልነበረም፤ ጽዱን ከጫካ ጎትቶ ያመጣው እሱ፣ ጭቃውን የረገጠው እሱ፣ ሣሩን ያጨደው እሱ ነው። መምሬ ኅሩይ «እግዚአብሔር ይስጥልን ልጄ» እያሉ ሲመርቁት፣ ምርቃቱ ከእርግማን ይልቅ ያቃጥለው ነበር። ሕንጻው አልቆ ቅዳሴ ሲጀመር ግን ከቅጥሩ ውጭ ቀረ። ሰው ሁሉ ገብቶ ሲያስቀድስ፣ እሱ ከግንቡ ማዶ ካለችው ወይራ ሥር ቆሞ ድምፁን ብቻ ይሰማል። ልጁ ክርስትና ሲነሣ ሚስቱ ብቻዋን ወሰደችው። የማኅበሩ ጽዋ ተራው ሲደርሰው «ዘንድሮስ ይለፈኝ» ይላል። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ደግሞ ወገቡን ያመዋል። ለካህናቱ ቢያርስ፣ ለድግሱ እንጨት ቢፈልጥ፣ ለድኩማን ውኃ ቢቀዳ፣ ትንሽ እንኳ ቀለል አላለውም፤ እንዲያውም በሠራ ቁጥር «ይሄ ሁሉ ምን ይከፍላል?» እያለ የባሰ ይተክዝ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት እንደኖረ ሽማግሎች አይስማሙም፤ ለሱ መቼም ዕድሜ ልኩን መስሎታል። በመጨረሻ አንድ ዓመት አገሩን ጥሎ ለመሄድ ቆረጠ። ሰው ሁሉ ጥምቀተ ባሕር ወርዶ ሳለ፣ ማንም «የት ነው?» ሳይለው፣ ስሙን ወደማያውቁበት ቆላ ሊወርድ አሰበ። ወርቅያንጥፉ ምስጢሩን ከሱ ሌላ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብላ ስለምታምን፣ እያለቀሰች ዕቃውን ታቀብለዋለች፣ እሱ አህያው ላይ ይጭናል። እንዳይሆን ሆኖ ግን፣ ዕድሜውን ሲቸኩል የኖረው ሰው በዚያች ቀን ዘገየ። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ አስተካክሎ ሲያስር ደግሞ ወደ ሌላው ዘመመ። እንደምንም ጨርሶ ሊወጣ ሲል፣ ሆታውና እልልታው ዳገቱን ሲወጣ ሰማ። «ይለፉና እንወጣለን» ብሎ ከአጥሩ ጀርባ ተሸሸገ። ሆታው ደጁ ፊት ለፊት ሲደርስ ቀጥ አለ።

መምሬ ኅሩይ ታቦቱን በራሳቸው ላይ እንደተሸከሙ ቆመዋል። ካህናቱ ወረቡ፣ ከበሮው ተመታ፤ ንቅንቅ የለም። ታቦት ተሸክሞ መናገር ወግ ባይሆንም፣ በሹክሹክታ «እግሬ አልነሣ አለኝ» አሉ ይባላል። ሕዝቡ ደነገጠ። ታቦት አልሄድም ሲል መካከላችን ቂም ወይም የተሸሸገ ኃጢአት አለ ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ጭቃ ሹም በሻህ «ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ያጠፋ ይናገር፣ የተቀያየመ ይታረቅ!» ብለው ጮኹ።

ያን ጊዜ የወጣውን ጉድ! በወሰን ሳቢያ ሳይነጋገሩ ያረጁ ሁለት አማቾች አንገት ለአንገት ተቃቀፉ። አንዲት ባልቴት «ለሰንበቴው ያመጣሁት ቅራሪ ነበር፤ ዋናውን ጠላ ለቤቴ አስቀርቼ ነው» ብላ አለቀሰች። አንድ ደብተራ በፍልሰታ ጾም እርጎ መጠጣቱን ተናዘዘ፤ «ያኔ ታምሜ ነበር» ብሎ ጀመረና «ኧረ አልታመምኩም» ብሎ ጨረሰ። ሰው ሳቁ እየመጣበት ፈርቶ ከንፈሩን ነከሰ። ታቦቱ ግን ያው እንደቆመ ነው።

ጎርፉ ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ ሁሉን ይሰማል። «መጣብኝ» አለ፤ «እኔን ነው የሚፈልገው። እሳቱን ሊመልስብኝ ነው። ነይ፣ በጓሮ በር እንውጣ!»

ወርቅያንጥፉ ከተጋቡ ጀምሮ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራው አታውቅም ነበር። በዚያች ሰዓት ግን የአህያውን ገመድ ከእጁ መነጨቀችና «ጌታ ራሱ ደጅዎ ድረስ መጥቶ በፊት ለፊት ቆሞ ሳለ፣ አንቱ በጓሮ ሊወጡ ነው? እኔ አልወጣም! ደከመኝ!» አለችው።

ጎርፉ ሚስቱን አየ፤ አጥሩን አየ፤ ከዚያ በራፉ ላይ ያለውን የጠቆረ ድንጋይ አየ። በዚያ አገር በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሄዳል፤ ተበዳዩ «ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎ እስኪያወርድለት ድረስም ቀና አይልም። ጎርፉ ድንጋዩን አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ጫነና፣ አጎንብሶ ወጥቶ መንገዱ መካከል ተንበረከከ።

«ቤተ ክርስቲያኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ!» አለ። «መብረቅ አይደለም፣ እኔ ነኝ! የመምሬን ክንድ ያሳጣሁ እኔ ነኝ! እንግዲህ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ!»

ጎርፉ ዱላ ሲጠብቅ፣ የሰማው ሳል ነው። ጭቃ ሹም በሻህ ጢማቸውን እያከኩ «እሱንማ… እናውቅ ነበር» አሉ።

«ምን?»

«ጢሱ ካንተ ማሳ ሲነሣ አገር በሙሉ አይቶ የለ እንዴ! በጠራራ ፀሐይ ምን መብረቅ አለ? ሆን ብሎ አላደረገውም፣ አናሳፍረው ብለን ያን ዕለት ተመካክረን ይቅር አልንህ። ከዚያ በኋላ ማን ይንገርህ? ይሉኝታ ያዘን።»

አይ የኛ ሰው! እሱ እንዳያውቁብኝ ብሎ ከቅጥሩ ውጭ ብርድ ሲጠጣ፣ እነሱ ደግሞ ማወቃችንን እንዳያውቅ ብለው ከውስጥ ሆነው ሲያዝኑለት፣ ይቅርታው ጎተራ ውስጥ እንደተዘጋበት እህል ማንንም ሳያጠግብ ተቀመጠ። ለማን ሊሆን ነው?

ጎርፉ ድንጋዩ እንደከበደው ነው፤ ቀና አላለም። «እሺ፣ እናንተስ ይቅር አላችሁኝ» አለ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር ይላሉ። «የቤቱ ባለቤትስ? እሱስ?»

መምሬ ኅሩይ ይሄን ሲሰሙ ወጉን ረሱት። እንባቸው ጺማቸውን አርሶታል። «ልጄ ጎርፉ፣» አሉ፣ «ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ተበዳይ ደጅ የሚሄድ በዳይ ነው፤ ከአባቶቻችን ያየነው ይህንን ነው። አንተ አልመጣ ብትል የቤቱ ባለቤት ተነሥቶ ወደ አንተ ደጅ መጣ። ተበዳይ ወደ በዳይ ደጅ ሲመጣ ማን አይቶ ያውቃል? ከዚህ ወዲያ ምን ይበልህ?»

ይህን ብለው አንድ እርምጃ ቢሞክሩ፣ እግራቸው ተነሣ። ድንጋዩም ከጎርፉ ማጅራት ወረደ። የመጐናጸፊያው ዘርፍ ሲነካው ብቻውን ወደቀ የሚሉ አሉ፤ የለም፣ መምሬ በዚያችው በተጨማደደች እጃቸው ገፋ አድርገው ጣሉት የሚሉም አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው መውረዱ ነው። ጎርፉ «እፎይ!» ሲል ዳገቱ ሥር የነበሩት ሁሉ ሰሙት ይባላል። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ አልቅሶ ሲጨርስ ሳቀ፤ አብሮትም አገሩ ሳቀ፣ እልልታው ቀለጠ።

ገመዱን የሚይዝ የጠፋው አህያ ደግሞ፣ ድስቱን፣ ሞፈሩንና ቁርበቱን እንደተሸከመ ሕዝቡን ተከትሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ወጣ። ጭቃ ሹሙም «ጎርፉ ዛሬ ከነጓዙ ገባ!» አሉ። እውነትም በዚያ ቀን ጎርፉ ከግንቡ ማዶ አልቆመም። ዳገቱን ከመቀጠላቸው በፊት ግን እነዚያ አማቾች፣ ባለ ቅራሪዋ ባልቴትና ደብተራው ከመንገዱ ዳር አንዳንድ ጠጠር አንሥተው በጠቆረው ድንጋይ ላይ አኖሩ። ክምሩ እንዲህ ተጀመረ።

ዛሬም ታቦቱ እዚያ ሲቆም ካህኑ «ማን አጠፋ?» ብሎ አይጠይቅም። «ይቅር ብላችሁ ያልነገራችሁ ካላችሁ፣ ሂዱና ንገሩ» ይላል እንጂ። ያን ጊዜ ሰው በሰው መካከል እየተሽሎከለከለ የሚፈልገውን ሰው ይፈልጋል፤ የተነገረውም ከመንገዱ ዳር ያነሣውን ጠጠር ክምሩ ላይ ጥሎ ቀና ብሎ ይሄዳል። በእንዶድ በር ፊቱን ያጠቆረ ወዳጅ ካለህ «ይቅር ካልከኝ ንገረኝ፣ መብረቅ ነው አትበለኝ» ትለዋለህ።

የጎርፉ ዘሮች እስከ ዛሬ ከክምሩ ፊት ለፊት ይኖራሉ። አጥራቸው ደኅና ነው፤ የጓሮ በር ግን የለውም። ማሳቸው ከጓሮ ሆኖ ሳለ በሬዎቻቸውን እየነዱ ዙሪያውን ሲዞሩ ያየ እንግዳ «ምነው በዚህ በኩል አንድ በር ብትከፍቱ?» ሲላቸው ይስቃሉ።

«እሱ የሚመጣው በፊት ለፊት ነው» ይሉታል። «እኛ በጓሮ ወጥተን የት ልንሄድ?»