ሰሌኑ ላይ የተደረደሩት ጠጠሮች

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አገራቸው በሰፊው ውቅያኖስ መሃል ለብቻዋ የቀረች ትንሽ ደሴት ናት። እኒህ ሰው ያለ ካርታ፣ ያለ ኮምፓስ ጀልባ ይመሩ ነበር። እንዴት? የጀልባው ወለል ላይ በጀርባቸው ይጋደሙና ማዕበሉ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚገፋ በወገባቸው ያውቁታል።

ይህን ጥበብ አባት ለልጁ የሚያስተምረው ሰሌን ላይ ጠጠር ደርድሮ ነው። ይቺ ጠጠር ደሴት፣ ያቺኛዋ ማዕበል። ከደም ዘመድ ውጭ ግን አይነገርም፤ ወጉ ነው። ሴትም አትማርም። ሽማግሌው ደግሞ ያለቻቸው ሂናሬ የምትባል ሴት ልጅ ብቻ ነች።

የሂናሬ ባል ቴፓኑ ዓሣ አጥማጅ ነው። "አባቴ፣ እባክዎን ያስተምሩኝ" አላቸው።

"አንተ አማች ነህ እንጂ ልጅ አይደለህም።"

"እሺ፣ ለሂናሬ ይንገሯት።"

"ሴት ደግሞ መቼ ጀልባ መርታ ታውቃለች? እስቲ ይቆየን።"

ስንት ዓመት ቆየ መሰላችሁ? ዐሥራ አንድ ዓመት።

አንድ ቀን የሽማግሌው ግማሽ አካል ሽባ ሆነ፤ ምላሳቸውም ተሳሰረ። በሳምንቱ ቴፓኑ ባሕር ላይ ሳለ "ሞተሩ ተበላሸብኝ" ብሎ በሬዲዮ ተናገረ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሂናሬ እየሮጠች መጣች።

"አባዬ፣ ማዕበሉ ወዴት ወሰደው? ወዴት እንፈልገው?"

ያውቃሉ። ከሳቸው በቀር የሚያውቅም የለም። አፋቸው ግን እምቢ አለ። በደህናው ግራ እጃቸው ጠጠር ለቀሙ፤ ሰሌኑ ላይ ደረደሩ። ይኸው ደሴታችን። ይኸው ማዕበሉ። ይኸው ባልሽ።

ሂናሬ ምን አየች? የደከመ አባቷ እንደ ሕፃን በጠጠር ሲጫወት አየች። "ወይኔ አባቴን፣ አእምሮውም ሄደ" ብላ አለቀሰች። ጠጠሮቹን አፍሳ ውጭ ጣለቻቸው፤ አባቷን አስተኝታ ወደ ወደቡ ሮጠች።

ጀልባዎቹ ወደ ምዕራብ ወጡ። ጠጠሮቹ ያሳዩት ደቡብን ነበር። ቴፓኑ አልተገኘም። ሽማግሌውም ልጃቸው ጥቁር ለብሳ እያጎረሰቻቸው ሁለት ዓመት ኖሩ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? መጸለይ ታውቃላችሁ። በክፉ ቀን እግዚአብሔር እንዴት እንዳሻገራችሁ ታውቃላችሁ። ልጃችሁ ያውቃል? "ገና ነው፣ ሲያድግ" ትላላችሁ። ምራታችሁንስ "የሰው ልጅ ናት" ብላችሁ ስንት ዓመት ደጅ አስጠናችኋት? ስንቶቻችን ነን ተንበርክከን ልጆቻችን አይተውን "አባቴ ምን ያጉተመትማል?" የሚሉን?

ዛሬ ቤት ስትገቡ አስተምሯቸው። እምቢ ካሉም ለምኗቸው።