አያ አንበሶ አደን የወጣ ዕለት

ተረት ተረት፣ የአንበሳ ቤት።

በአንድ ዘመን እመት አንበሲት እያደነች፣ ባሏ አያ አንበሶ ደግሞ ጥላ ሥር ጎፈሩን እያበጠረ ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና፣ "አያ፣ ሚስቱ የምትቀልበውም ባል ጀግና ይባላል እንዴ?" ብላ ነካካችው። እሱም ጅራቱን አቁሞ ሚስቱን፣ "ዛሬ አብሬሽ እወጣለሁ" አላት።

እመት አንበሲት ሳር ውስጥ አስተኛችውና፣ "በልጆቻችን ይዤዎታለሁ፣ ድምፅ እንዳያሰሙ" አለችው። አጋዘኖች እየጋጡ ቀረቡ። ልትዘል ስትል አያ አንበሶ አላስቻለውም። ብድግ ብሎ፣ "ዘራፍ! ጎፈረ ሰፊው፣ ጠላቱን ገፊው!" እያለ ፎከረ። ከአጋዘኖቹ የቀረው አቧራቸው ብቻ ሆነ። ደቦሎቹም ጦማቸውን አደሩ።

በማግስቱ ግን ሚስቱ ራሷ ቀሰቀሰችው። ከሸለቆው ማዶ ወስዳ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና፣ "ጌታዬ፣ እዚህ ሆነው እስኪበቃዎ ይፎክሩ" አለችው።

"ለማን?"

"ለሚሰማ ሁሉ።"

እሷም ከሸለቆው ወዲህ፣ በጠባቡ መውጫ አደፈጠች። በሸለቆው የሚግጡት አጋዘኖች ፉከራውን ሲሰሙ ነፍሴ አውጪኝ እያሉ ወደ እሷ ሮጡ። አንዱማ ራሱ መጥቶ አፏ ውስጥ ወደቀ።

አያ አንበሶ ድምፁ ሰልሎ ሲመለስ ደቦሎቹ ሥጋ ሲሻሙ ደረሰ።

"አየሽ? ፉከራዬ ብቻውን ገደለው!" አላት።

"እንዴታ!" አለች ሚስቱ ጉበቱን እየዋጠች። "ነገም ከዚያው ድንጋይ አይጥፉ።"

ተረቴን መልሱ፤ ጉበቱ ካለቀ አፌን በዳቦ አብሱ።