የተቆረጠው እጅጌ

አንዲት እናት ነበሩ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሹራብ የሠሩ። የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። የዚያን አገር ብርድ የቀመሰ ሰው፣ ሹራብ ሠሪ በዚያ ምን ያህል እንደሚከበር አይጠፋውም።

ከእያንዳንዱ ሹራብ ጥቂት ክር ይተርፋል። ከአንዱ ጭብጥ የምታህል ድብልብል፣ ከሌላው ሁለት ክንድ ብቻ። ወይዘሮ አሰገደች፣ ስማቸው ይህ ነው፣ አንዱንም አልጣሉም። ሁሉንም ከአልጋቸው ሥር ባለ ጆንያ ውስጥ አኖሩት። ለምን? ለትልቅ ነገር። ምን ለሚሆን ትልቅ ነገር? እሱን ገና አላወቁም ነበር።

ከዕለታት በአንዱ፣ በግቢያቸው ጓሮ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ትርንጎ ያለ ቀኑ የተወለደ ወንድ ልጅ ታቅፋ ከሆስፒታል ተመለሰች። ባሏ ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ ነው። ሕፃኑ መዳፍ የሚሞላ አይመስልም። ሐኪሞቹም ሲሸኟት፣ «ሙቀት አይለየው፤ በተለይ ራሱን እንዳይበርደው» ብለው አስጠንቅቀዋታል።

ወይዘሮ አሰገደች ይህን ሲሰሙ ልባቸው ተንሰፈሰፈ። ጆንያውን ጎትተው አወጡ። ትልቁ ነገር ተገኘ! ልጁ በአርባኛው ቀን ክርስትና ሲነሣ የሚጠቀለልበት ብርድ ልብስ፤ መሀሉ በለስላሳው ነጭ ክር፣ ዙሪያው በየቀለሙ እየሰፋ የሚሄድ፣ ያየ ሁሉ የሚደነቅበት።

ጎረቤታቸውና የልጅነት ጓደኛቸው እትዬ የሻረግ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«አሴ፣ መጀመሪያ አንዲት ኮፍያ ለምን አትሠሪለትም? እኔና አንቺ ወሬያችንን ሳንጨርስ ታልቃለች።»

«ኮፍያማ ማንም ጀማሪ ይሠራዋል። እኔ ለዚህ ልጅ በኮፍያ ልገላገል?»

«እንግዲያው በርቺ። ብርድ ልብስሽ ሲያልቅ ልጁ ሚዜ ሲሆን ይደርበዋል።»

ተሳሳቁ። ሥራው ግን አልሣቀላቸውም። ነጩ ወደ ግራጫው የተሻገረበት ቦታ አላማራቸውም፤ ፈቱት። እንደገና ሠሩት፤ እንደገና ፈቱት። ዐሥር ቀን አለፈ።

ወገኖቼ፣ እኒህ እናት ስስታም ነበሩን? አልነበሩም። ልበ ደንዳና ነበሩን? በፍጹም። ፍቅራቸው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ያ ፍቅር፣ ሳይታወቃቸው፣ ሕፃኑን ማየት ትቶ ራሱን በመስተዋት ማየት ጀምሮ ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ሁለት ድብልብል ክር ይዘው የትርንጎን በር አንኳኩ። ሊጠይቋት የፈለጉት አንድ ጉዳይ ነው፤ የብርድ ልብሱ ዳር ሰማያዊ ይሁን ወይስ ቡናማ?

ትርንጎ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ተጋድማለች። የሕፃኑ ራስ ላይ አንድ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገር ተጠልቋል፤ ጫፉ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ወይዘሮ አሰገደች ጠጋ ብለው አዩት። የገዛ እጁን ሥራ ማን ይስተዋል? አምና ለትርንጎ የሠሩላት ሹራብ እጅጌ ነው። ቀና ሲሉ ትርንጎ ሹራቡን ለብሳዋለች፤ አንድ ክንዷ ራቁቱን ነው።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ትርንጎ፣ ክንዷን ነጠላዋ ሥር እየሸሸገች። «ስንት የደከሙበትን ሹራብ ቆረጥኩት። ትናንት ከንፈሩ ሲጠቁርብኝ ደነገጥኩና መቀስ አነሣሁ።»

እርሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችው። እርሷ!

ወይዘሮ አሰገደች ስለ ዳሩ ቀለም አልጠየቁም። ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ለሕፃን ራስ የሚሆን ለስላሳ ክር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የብርድ ልብሱ መሀል ላይ ተሠርቶበታል። መሀሉ ከተፈታ ሁሉም ይፈታል። እጃቸው በአየር ላይ ቆመ፤ የዐሥራ አንድ ቀን ድካም ነው። ከዚያ ጫፉን ያዙና ሳቡት።

ነጩ ለውስጡ ሆነ፤ አልበቃም። ቢጫ ቀጠሉበት፤ አለቀ። አረንጓዴ፤ እሱም አለቀ። የትኛው ከየትኛው ይስማማል ብለው አልተጨነቁም። ጣቶቻቸው ፈጠኑ፣ ትከሻቸው ላላ፤ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ሥራ እየሠሩ ሲያንጎራጉሩ ያኔ ገና ተሰሙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮፍያዋ አለቀች።

«ይቺ ምንድን ናት? የገበያ ጃንጥላ?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ዝም በይ። ጆንያውን ወዲህ አቀብይኝ፤ ካልሲውን ልጀምር።»

ሕፃኑ ሞቀው። ትርንጎም በሳምንቱ አዲስ እጅጌ ተቀጠለላት፤ ቀለሙ ከሹራቡ ጋር አልገጠመም፤ ማንም ግን ቅር አላለውም። ብርድ ልብሱ? እስከ ዛሬ እንደገና አልተጀመረም።

አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። ከአልጋችሁ ሥር ያስቀመጣችሁት ምንድን ነው? አንተ ወንድሜ፣ ከታላቅ ወንድምህ ጋር ሽማግሌ ሰብስበህ፣ ድግስ ደግሰህ ልትታረቅ ስታስብ ስድስት ዓመትህ ነው። በስልክ «እንዴት አደርክ?» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንቺ እኅቴ፣ ጊዜ ሲኖረኝ ሙሉ ቀን አብሬያት እውላለሁ ያልሻት አሮጊት አክስትሽ አለች። ሙሉ ቀን ማን ሰጠሽ? ያለሽ ከሥራ የተረፈች ግማሽ ሰዓት ናት። እግዚአብሔር ያቺን ግማሽ ሰዓት አይንቃትም፤ የምንንቃት እኛ ነን። መናቃችንንም ትልቅ ዓላማ ብለን እንጠራዋለን።

ትልቁን ሥራ አትሥሩ አልልም። ነገር ግን ትልቁን ስናሳምር፣ ልንደርስለት የሚገባን ሰው ከራሱ ላይ ቆርጦ እንዳይከፍል እፈራለሁ። እንዲያውም ቆርጦ ከፍሎ ይሆናል፤ ክንዱን ከእኛ እየሸሸገ።

ከዚህ ስትወጡ ሁላችሁም በምታውቁት መንገድ ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። በዚያ መንገድ ላይ ዛሬ ልታንኳኩት የሚገባችሁ አንድ በር አለ። የማን እንደሆነ እኔ አላውቅም። እናንተ ግን፣ ይህን ስናገር፣ ስሙ መጥቶላችኋል።