ግድግዳ ላይ የቀረው አጎዛ

በደጋ ጫፍ ላይ በተቆረቆረች አንዲት አሮጌ ከተማ ሸኽ ጀውሀር የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። የከተማዋን ስም አልጠቅስም። ረስቼው አይደለም፤ ሰዎቿ ይህን ታሪክ ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ስለሚያደርጉ ነው።

ሸኹ ሐጅ ያደረጉ ሰው ነበሩ፤ ያውም በእግራቸው። በዚያ ዘመን ሐጃጅ ከደጋው ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ መርከብ ከሚሳፈርበት ወደብ ለመድረስ ወር ገደማ ይጓዛል። ታላቅ ወንድማቸው ሐሚድ አብሯቸው ወጥቶ በረሃ ውስጥ ቀረ። ሐሚድ ብርድ የሚፈራ ሰው ነበርና የበሬ ቆዳ ምንጣፍና ወፍራም ቡልኮ ተሸክሞ ነበር የወጣው። ጣለው ቢሉት አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ ሸክሙና የውሃ ጥሙ ተባብረው እሱን ጣሉት። ሸኹ ወንድማቸውን በገዛ እጃቸው ቀብረው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ከከተማዋ ለሐጅ የሚነሳ ሁሉ መኝታውን ለእሳቸው ሳያሳይ አይወጣም ነበር።

ፈተናው እንዲህ ነው። መንገደኛው መስጊዱ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ምንጣፉንና ልብሱን በአንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ ይይዛል። ሸኹ ፋቲሓን ሰባት ጊዜ ይቀራሉ። እስከ ሰባተኛው «ኣሚን» ድረስ ክንዱ ያልወረደ ይዞት ይሄዳል፤ የወረደበት ቤቱ ሄዶ አቅልሎ ይመለሳል። በዚህ ነገር ሸኹ ለሀብታምም ለዘመድም አያዳሉም ነበር።

ተማም የተባለ ኮርቻ ሰፊ እናቱን ሸምሲያን ይዞ ለሐጅ ሊሄድ ነየተ። ሸምሲያ ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ክረምት በገባ ቁጥር ደረቷን የሚያማት ሴት ነበረች። አባቱ ቡሽራ ዓይናቸው ስለደከመ ቤት መቅረታቸው ነው። ተማም ለእናቱ አጎዛ ሰፋላት። ጸጉራቸው ያልተነካ ሦስት የበግ ቆዳዎች መርጦ፣ ራሱ አልፍቶ፣ ለጌታ ኮርቻ እንኳ የማያደርገውን ጥንቃቄ አድርጎ ሰፋው። ሸምሲያ አንድ ቀን ተኝታበት «ልጄ፣ በዚህስ መካ ድረስ ተኝቼም እሄዳለሁ» ብላ አሳቀችው።

የመነሻቸው ወር ሐምሌ ነበር። በፈተናው ቀን ሸምሲያ አጎዛዋን ጠቅልላ ክንዷን ዘረጋች። በአራተኛው ፋቲሓ ክንዷ ተንቀጠቀጠ፤ በአምስተኛው ወረደ።

«ሸኽዬ፣ እኔ እሸከምላታለሁ» አለ ተማም ፈጠን ብሎ።

«እኔም ለሐሚድ እንዲሁ ብዬው ነበር» አሉ ሸኹ። «ሦስት ቀን ተሸከምኩለት። በአራተኛው ለራሴም በዛሁ።»

ሸምሲያ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች። «ሐምሌ እኮ ነው ሸኽዬ። ዝናቡስ?»

«እህቴ፣ ደጋው ሁለት ቀን ቢሆን ነው። በሁለተኛው ቀን ከደጋው ዳር ያለውን ወንዝ ተሻግረን ቁልቁለቱን እንይዛለን። ከዚያ በኋላ የምትለምኚው ጥላና ውሃ ብቻ ነው። ሰሌንና ስስ ኩታ ያዢ፤ ይበቃሻል።»

ሸኹ የተናገሩት ነገር አለቀ ማለት ነው። ተማም አጎዛውን ወስዶ ከቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

እዚህ ላይ ስህተቱ የት እንደነበረ ልንገራችሁ። ሸኹ ያን መንገድ የሄዱት ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ነው። የሐጅ ወር የሚቆጠረው በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ በጋና ክረምቱን ይዞራል። እሳቸው የወጡት ግንቦት ላይ ነበር፤ ያኔ ወንዙ የእግራቸውን ቁርጭምጭሚት አልሸፈነም። ከእሳቸው በኋላ የወጡትም በጋ ላይ ነው የወጡት። ያለፉትን ሰባት ዓመታት ደግሞ በፈንጣጣና በድርቅ ሳቢያ የወጣ የለም። ስለዚህ ያን ወንዝ በክረምት የሚያውቀው ሰው ከተማዋ ውስጥ አልነበረም። ሐቁ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ለመስጊዱ ጨረቃ የሚቆጥሩት ራሳቸው ሸኽ ጀውሀር ነበሩ። ቆም ብለው ቢያስቡት ያገኙት ነበር።

ሸኹ ራሳቸው እየመሩ ዐሥር ሆነው ወጡ። በሁለተኛው ቀን ከወንዙ ሲደርሱ ውሃው ዛፍ ከነሥሩ እያንከባለለ ይወርዳል። መንደሩ ከኋላቸው ርቋል፤ ከፊት ውሃው ነው። አንድ የቋጥኝ ጥግ ተጠግተው ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ጀመሩ። ዝናቡ ሲያባራ በረዶ ይተካል። ሰሌኑ ጭቃ ጠጣ፤ ስሱ ኩታ ከገላ ላይ ተጣብቆ ጭራሽ ብርድ የሚያቀብል ሆነ።

በማግስቱ ሸምሲያን ውጋት ያዛት። ሸኹ ኩታቸውንም ጀለቢያቸውንም አውልቀው ደረቡላት፤ እሳቸው በእጀ ጠባብ ዝናብ ላይ ተቀመጡ። ተማም እናቱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ በትንፋሹ ሊያሞቃት ሞከረ። ወንዙ ዳር በተቀመጡ በሦስተኛው ቀን ንግግሯ ተቀላቀለ።

«ተማም፣ አጎዛዬን አውርድልኝ። ግድግዳው ላይ ነው።»

«እሺ እማ፣ ላውርድልሽ» አለና ብድግ አለ። ከተነሳ በኋላ የሚሄድበት ጠፍቶት ዝናቡ ውስጥ ቆመ። ሸኹ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበሩ፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

የዓስር ሶላት ሲደርስ ሸምሲያ ሸሃዳዋን ይዛ ሄደች። ለሐጅ የያዘችው ነጭ ጨርቅ ከፈኗ ሆነ፤ እዚያው ወንዙ ዳር ቀበሯት።

ከመንገደኞቹ መካከል ሐቢብ የሚባል፣ ኪታብ የቀራና ቆላውን የሚያውቅ ሰው ተማምን ትከሻውን ይዞ አጽናናው። «ዐጀሏ ነው ወንድሜ። ቤቷ ብትሆንም ከዚህች ሰዓት አታልፍም ነበር። ለሐጅ ወጥታ መሞቷ ደግሞ ምንዳዋን አያጎድልም።» ተማም ራሱን ነቀነቀ። የተባለው ሁሉ እውነት እንደሆነ ያውቃል፤ በዚያች ሰዓት ግን እውነቱን ጠላው። ከእውነቱ የበለጠ ደግሞ ሸኽ ጀውሀርን ጠላቸው።

በማግስቱ ውሃው ጎደለ። ሁሉም ሊሻገሩ ሲነሱ ሸኹ ከዳር ቆመው ቀሩ።

«እናንተ ሂዱ» አሏቸው። «ቆላውን ሐቢብ ያውቀዋል። እኔ የማላውቀውን መንገድ አውቃለሁ ብዬ መርቻችኋለሁ።»

«እርስዎስ ወዴት ነው?» አለ ሐቢብ ደንግጦ።

«ቡሽራ ዘንድ።»

ተማምም ለአባቱ መርዶውን ሊያደርስ ተመለሰ። ሁለት ቀን ከፊት ከፊት ሄደ፤ ሽማግሌው ከኋላ እያሳሉ ተከተሉት። አንዴ እንኳ ዞሮ አላያቸውም። መርዶው ጠዋት ለአባቱ ተነገረ፤ ቀኑ ጁምዓ ነበር። ሶላቱ እንዳለቀ ሸኹ ተማምን አጎዛውን እንዲያመጣው ለመኑት። ለምን እንደሆነ ባይገባውም አመጣው። ሸኹ ተቀብለው በሕዝቡ ፊት ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ፋቲሓ የሚቀራላቸው ግን አልነበረም።

«ሸምሲያ ይህን ልትይዝ ነበር፤ ያስጣልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ዝናቡስ ብላ ጠይቃኛለች። የግንቦቱን መንገድ ለሐምሌ መለስኩላት። ስትሞት ይህንኑ ስትጠራ ሰምቻለሁ።»

ሕዝቡ ምን አለ ትላላችሁ? «ሱብሓነላህ! እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» እያለ አለቀሰ። አንዳንዱ ተንጠራርቶ እጃቸውን ሊስም ሞከረ።

«ትሕትና አይደለም!» ብለው ጮኹ፤ ሸኹ ሲጮኹ ያን ቀን ነው የተሰማው። «የሆነውን ነው የነገርኳችሁ። አታስውቡልኝ።» ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፤ አላወረዱትም።

ቡሽራ በዳበሳ ተነስተው ወደ ድምፁ ቀረቡ። «ሸኽዬ፣ ዐጀሏ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ዐጀሉ የአላህ ነው ወንድሜ። ምክሩ የእኔ ነበር።»

ቡሽራም «አፉ ብያለሁ፤ ይቅር ብዬዎታለሁ» አሉ። ተማምም አባቱን ተከትሎ ይህንኑ ሊል ሲል ሸኹ አቋረጡት፦ «አንተ አሁን አትበል። ስትችል ትላለህ።»

ከዚያ በኋላ የክንዱ ፈተና ቀረ። መንገደኛ ሲመጣ ሸኹ ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት በየትኛው ወር እንደሚሄድ ነበር፤ የማያውቁት ወር ከሆነ «አላውቅም» ይሉታል።

እነሆ እኛ በቀደር እናምናለን፤ ማመንም ግዴታችን ነው። ግን አስተውሉ፦ ነገር ሲቃናልን «በእኔ ምክር ነው» እንላለን፤ ሲበላሽ «የአላህ ውሳኔ ነው» ብለን ከስሙ ሥር እንሸሸጋለን። ሸኽ ጀውሀር ግን የአላህን ለአላህ ትተው የራሳቸውን ተሸከሙ። ከአላህ ሌላ ማንም የማይጠይቃቸውን ነገር፣ ሕዝቡ ሊያወርድላቸው እየለመናቸው፣ አላወርድም አሉ።

በሦስተኛው ዓመት ሞቱ። ጀናዛቸው ሊነሳ ሲል ኢማሙ እንደ ወጉ «የተቀየማችሁ ካላችሁ አፉ በሏቸው» ብሎ ጠየቀ። ሕዝቡ ከመመለሱ በፊት ከኋላ የአንድ ሰው ድምፅ ቀደመ። «አፉ ብያለሁ» አለ ተማም። ከዚያም ሰዉን እየገፋ ወደ ፊት መጥቶ፣ ጀናዛውን አስነስቶ፣ ከግድግዳው አውርዶ ያመጣውን የእናቱን አጎዛ ቃሬዛው ላይ አነጠፈላቸው።