ማሩም ቦታ ይይዛል

አንድ ንብ አርቢ ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም ልጄ፤ «ስንትነቱን የማላውቀውን ቁጥር እንዴት አድርጌ ልደምረው?» ነው ያልሽኝ። እሱኑ ልነግርሽ ነው፤ ስሚኝ።

የዚህ ሰው ሚስት ጠጅ ጣይ ነበረች። በአገሩ የእሷ ጋን ካልተከፈተ ሰርጉ ሰርግ አይባልም። አንድ ክረምት ግን ታመመች፤ ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቷም ተያዘ። በዚያው ዓመት የአንድያ ልጃቸው ሰርግ ደረሰ። ጎረቤት «ጠጁን ሌላ ሰው ይጣለው» ቢለው ሰውየው እንቢ አለ። «ልጄ የምትዳረው በእናቷ ጠጅ ነው» ብሎ ጓዳ ገባ። ዕድሜውን ሙሉ ማር ቆርጦ ከደጅ ሲያቀብል ኖረ እንጂ ጠጅ ሲጣል አይቶ አያውቅም።

ንቦቹ የሰጡት ማር አምስት ማሰሮ ነው። ጋኑ ሃያ ማሰሮ ይይዛል። ሚስቱን «ማሩና ውሃው እንዴት ነው?» ቢላት አንድ ጣት አሳየችው፣ ቀጥላ አራት። አንድ ለአራት።

«ሃያን ለአራት ባካፍል አምስት፤ ማሬም አምስት። ለክቶ የሰጠኝ አምላክ ይመስገን» አለ።

አራቱን ማሰሮ ገልብጦ አምስተኛውን ሊያዘነብል ሲል ሚስቱ እዚያው ጓዳ የተኛችበትን መደብ ደበደበች።

«ምነው እመቤቴ? በልጅሽ ሰርግ ስስት ያዘሽ?»

በግማሽ ፊቷ ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ። ሰውየው ማሰሮውን እንዳነሳ ቀረ። ማር አንዴ ከገባ አይመለስም። በልቡ ጸለየና ማሰሮውን አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ።

እሷም ከጌሾው እንጨት አንዱን ለብቻ፣ አራቱን ለብቻ ደረደረች።

«አዎ፣ አንድ ለአራት። እሱማ ገብቶኛል» አላት።

«አልገባህም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አምስቱንም ሰብስባ አንድ ዋንጫ ውስጥ ጨመረቻቸው።

ዋንጫውን አየ፣ ጋኑን አየ። «ኧረ የኔ ነገር! ማሩም እኮ ቦታ ይይዛል! እኔ ሃያውን በሙሉ ለውሃው ሰጥቼዋለሁ።»

ከዚያ ቀስ ብሎ አሰበ። አንዱ እጅ፣ ማለትም አንዱ ድርሻ፣ ስንት ማሰሮ እንደሆነ አላውቅም። ማሩ ግን አንድ እጅ ነው፣ ውሃው አራት እጅ፤ ሲደመሩ አምስት እጅ። አምስቱ እጅ ጋኑን ከሞላ፣ አምስት እጅ ማለት ሃያ ማሰሮ ነው። እንግዲያ አንዱ እጅ አራት ማሰሮ!

ማር አራት፣ ውሃ ዐሥራ ስድስት። ጋኑ እስከ አፉ ሞላ። አምስተኛው ቢጨመር ኖሮ ለውሃው ቦታ ጠፍቶ ጠጁ የእሷ ጠጅ ባልሆነ ነበር። ከተረፈው ማሰሮ በጣቱ ጠንቁሎ ከንፈሯ ላይ አደረገላት።

በሰርጉ ቀን ሙሽራዋ ብርሌውን ቀመሰችና ወደ ጓዳው ዞራ «እማዬ!» አለች።

እንግዲህ ልጄ፣ መምህርሽ «ኤክስ ይሁን» የሚልሽ ያንን እጅ ነው። ሰውየው ስንትነቱን ሳያውቅ ስም ሰጠው፤ ስም ስለሰጠውም ሊደምረው ቻለ። አንቺም ኤክስና አራት ኤክስ ብለሽ ጻፊ፣ አምስት ኤክስ ሃያ ነው በይ፤ ከዚያ ማካፈል ብቻ ነው የሚቀርሽ። ያላወቅሽውን አትፍሪው፣ አብረሽው ቁጭ በይ። ብቻ ከማካፈልሽ በፊት ጋኑ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ቁጠሪ። መደቡ ላይ ዝም ብላ የተኛችውንም ጠይቂያት፤ መናገር ቢሳናት እንኳ ጠጁን የምታውቀው እሷ ናት።