የትርንጎ አንድ ጆሮ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ድምፅ ማጉያ እንደ ጭድ በሚከመርበት በዚሁ በኛ ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል ዘፋኝ ነበረች። ግራ ጆሮዋን መድረክ በልቶታል። ሐኪሙም ቁርጡን ነግሯታል፤ «ቀኙም ከተጎዳ መዝፈን ቀርቶ የጠራሽንም አትሰሚ።»

አብረዋት የሚሠሩት ሦስት ወንድሞቿ ናቸው። ደምሰው ከበሮ ይመታል፤ ይርጋ ዘፈኑን ይቀበላታል፤ ሞገስ ኮንሰርቱን ያሰናዳል።

አንድ የበዓል ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ሕዝቡ ሲሞቅ፣ ትርንጎ ወደ ደምሰው ዞራ በማይኩ «ጨምር» አለችው። በነሱ ቤት ምቱን አሙቀው ማለት ነው። ድምፅ የሚቆጣጠረው አዲስ ቅጥር ግን ለኔ ነው ብሎ ድምፁን ለቀቀው። ደህናው ጆሮዋ ይጮህ ጀመር። ትርንጎ ክፉኛ ፈራች፤ ማይኩን ጥላ ጆሮዋን ያዘች።

ይርጋ ከራሱ ጆሮ መድፈኛ መዝዞ እሷ ጆሮ ውስጥ ከተተ። የሱ ጆሮ እስከ ሳምንቱ ሲጮህበት ሰነበተ።

ደምሰው ከበሮውን አቆመ። ሕዝቡ ሰደበው፣ ጠርሙስ ወረወረበት፤ ንቅንቅ አላለም።

ሞገስ ከመድረክ ዘሎ፣ ሰው እየገፈተረ ቅጥሩ ጋ ደረሰና ድምፁን በገዛ እጁ ቀነሰው።

ጆሮዋ ተረፈ። ማንኛቸው እንዳተረፈላት ግን ሐኪሙም አላወቀ።

ትርንጎ ልታመሰግን ፈልጋ ጥርጣሬ ገባት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባል የለ? ይርጋ «መድፈኛ ዜማ ያሳስታል» እያለ ሲከለክላት የኖረ ሰው ነው። ለካ እሱ በድብቅ ያደርጋል።

«ዘፋኝ ጆሮውን ደፈነ እንዳይሉኝ አፍሬ ነው» አላት።

ደምሰው ደግሞ የዚያን ዕለት መድረክ መሪው ስሙን ሳይጠራ ስላለፈው ፊቱ እንደጠቆረ ነበር። «ከበሮውን ያቆምኩት ለጆሮሽ ብዬ ነው» ሲላት ዓይኗን አላየም።

ሞገስንማ ቅጥሩ አጋለጠው፤ «ጠዋት ከተማውን አናውጠው ያለኝ እሱ ነው።»

ሞገስ አልካደም። «ያልኩትም እኔ፣ የቀነስኩትም እኔ» አለ።

አሁን ሌላ በዓል ደርሷል። ትርንጎ ከዘፈን ሌላ እንጀራ አታውቅም፤ ትወጣለች። ድምፅ መቆጣጠሪያውን ይዞ የሚቀመጥ አንድ ሰው ያስፈልጋታል። ሦስቱም «እኔ ልያዘው» ብለዋል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ያንን አንድ ጆሮዋን ለማን አደራ ትስጥ?