የገብስማ አውጫጭኝ

ተረት ላውጋችሁ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በድሮ ዘመን፣ ዛፍ ሲፈርድ፣ እህል ሲመሰክር፣ ገብስማ የምትባል ዶሮ ነበረች። አራት ጫጩት ፈልፍላ ሦስቱን ጭላት ወሰደባት። አንድ ብቻ ቀራት። አንጀቷ አርሮ ወደ ዳኛው፣ ወደ አባ ዋርካ ሮጠች።

«አባቴ፣ አውጫጭኝ ይጠራልኝ! አገሩ ይሰብሰብ፤ ክፉው በስሙ ሳይጠራ ማንም ቤቱ እንዳይገባ!»

«ሲገኝስ ምን ይሁን?»

«የሌላውን ልጅ የበላ ከነልጁ ከአገር ይውጣ!»

«የበላ ሁሉ?»

«ሁሉም! ትንሽ ትልቅ ሳይባል!»

«እሺ፣ ቃልሽ ሕግ ይሁን» አለ ዋርካ።

አገሩ ተሰበሰበ። ጭላትም መጥቶ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። ገብስማ ጫጩቷን ክንፏ ሥር ወሽቃ ስሙ እስኪጠራ ቸኮለች። ያን ስም የማያውቅ ማን አለ?

ዋርካ አይጥን ጠየቃት። «ክፉው ማን ነው?»

«ድመት ናታ! ይሄም ይጠየቃል?»

ገብስማ ደነገጠች። ምነው፣ ይቺ አይጥ ጤናም የላት!

ማሽላን ጠየቀ። «ክፉው ማን ነው?»

«አይጥ ናታ! ከነዘሬ ልትፈጀኝ ነው። ደግነቱ አያ ጭላት እየለቀመ ይበላልኛል፤ ዕድሜ ይስጠው!»

«ለጭላት? ዕድሜ?» ገብስማ ክው አለች።

በሦስተኛ ደረጃ አንዲት አሮጊት ምስጥን ጠየቀ። ምስጥ እያለቀሰች ወደ መሀል ወጣች።

«ክፉውማ ያቻትና፣ ገብስማ! ልጆቼን አንድ በአንድ ለቅማ ጨረሰቻቸው።»

«እኔ?» አለች ገብስማ። «ኧረ በሕግ! ልጄን ባበላሁ ምን ክፋት ሠራሁ?»

አፏን ሳትዘጋ ጫጩቱ ከክንፏ ሥር ሾልኮ ወጣ። ምስጧን ቀጭ አድርጎ ዋጣት።

«እሰይ፣ የኔ ጀግና!» አለች ገብስማ።

አገሩ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ገብስማ የገዛ ድምፅዋን ሰማችው።

«እኔም ለልጄ እንደዚሁ ነው የምለው» አለ ጭላት ከላይ። አልሳቀም።

«ገብስማ፣ ሕጉ ያንቺ ነው» አለ ዋርካ። «ስሙን አንቺው ጥሪና አገሩ ይበተን።»

ጭላትን አየች። ጫጩቷን አየች፤ ምንቃሩ ላይ የምስጧ እግር ቀርቷል። ጭላት በዚህ ሕግ ከተባረረ ልጇም ይባረራል። ሜዳ ላይ ወጥቶ ደግሞ አንድ ቀን አያድርም።

«ክሴን አንሥቻለሁ» አለች።

«ጭላት ክፉ አይደለም ማለትሽ ነው?»

«ክፉ ነው እንጂ! ሦስት ልጆቼን በልቶብኛል!» አለች። ቀጥላም፣ «ምስጧም እውነቷን ነበር» አለች።

አገሩ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ ዶሮ ስትለቅም እዩዋት፤ አንዱ ዓይኗ መሬት ላይ፣ አንዱ ሰማይ ላይ ነው። ከላይ የሚመጣባትን ክፉ ትለዋለች፤ ከእግሯ ሥር ያለውም እሷን እንዲሁ ይላታል። እኛም ብንሆን ክፋትን በጠላታችን አፍ ላይ ስናየው ዳኛ እንጠራለን፤ በልጃችን አፍ ላይ ስናየው እሰይ እንላለን።